የትንሿ ወፍ የብርድ ሌሊት ሒሳብ

ከዓመታት በፊት ለከፍተኛ ትምህርት በሰሜን አሜሪካ በነበርንበት ወቅት፣ በመኖሪያ ክፍላችን መስኮት ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር አንድ ማለዳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያመለክት ነበር። እኛ ሁለት ካፖርት ደርበን እየተንቀጠቀጥን ሳለ፣ ከመስኮቱ ማዶ በረዶ በሸፈነው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ወዲያና ወዲህ ትዘል ነበር። አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ደግሞ በዚያ ብርድ ወጥተው፣ ከዛፉ ላይ በተንጠለጠለ ዕቃ ውስጥ የሱፍ አበባ ፍሬ ይጨምሩ ነበር። በዚያች ማለዳ ሁለት ጥያቄዎች ተፈጠሩብን። ይህች ወፍ ሌሊቱን እንዴት በሕይወት አለፈችው? የሴትዮዋ ስጦታስ በእርግጥ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ክረምት ስንል በእኛ አገር የሚታሰበን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። በሰሜኑ የምድር ንፍቅ ያለው የበረዶ ወቅት ግን የሚውለው እኛ በጋ በምንለው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት በርካታ የአውሮፓና የእስያ አእዋፍ ብርዱን ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይመጣሉ። የእኛ ጥያቄ የሚመለከተው ግን ከአገራቸው ሳይነቃነቁ ብርዱን የሚጋፈጡትን ነው።

ትንሽ መሆን ለምን ያስቸግራል?

በመስኮታችን ማዶ ያየናት ወፍ ባለ ጥቁር ቆብ ቺካዲ ትባላለች። ክብደቷ 12 ግራም አካባቢ ነው፤ ይህም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደ ማለት ነው። በቀን የአካሏ የሙቀት መጠን 42 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከሰው ይበልጣል።

እንደሚታወቀው ሙቀት ከአካል የሚወጣው በገጽ በኩል ሲሆን፣ የሚመነጨው ግን በአካሉ ውስጥ ነው። የአንድ አካል ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ የገጹ ስፋት አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል። አሁን 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ12 ግራም ወፍ ጋር እናነጻጽር። የክብደታቸው ንጥጥር 5,833 ያህል ነው። የዚህ ቁጥር ኩብ ሥር 18 ይሆናል። ለሒሳቡ እንዲመቸን የሁለቱን ቅርጽ ተመሳሳይ አድርገን ብንወስድ፣ እያንዳንዱ የወፏ ግራም ከእያንዳንዱ የሰው ግራም 18 እጥፍ የሚበልጥ ለብርድ የተጋለጠ ገጽ አለው ማለት ነው። በሻይ ብርጭቆ ያለ ውኃ በትልቅ ድስት ካለው ቀድሞ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ ላባ ነው። ሆኖም ሙቀትን አጥብቆ የሚይዘው በላባዎቹ መካከል ተይዞ የቆመው አየር እንጂ ላባው ብቻውን አይደለም። አየር ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከውኃ ሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። ጋቢ ደርቦ የተኛ ሰው የሚሞቀው በድርብርቡ ጨርቅና በፈትሉ መካከል አየር ስለሚታገድለት ነው። ወፏም በብርድ ጊዜ ላባዋን ነፍታ ኳስ የምትመስለው ጋቢዋን ለማወፈር ነው። ላባዋ ከረጠበ ግን ያ አየር በውኃ ይተካና መከላከያው ይፈርሳል።

የሌሊቱ ሒሳብ

ከአካል የሚወጣው የሙቀት ፍሰት በአካሉና በአካባቢው አየር መካከል ካለው የሙቀት መጠን ልዩነት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ ይህም የኒውተን የማቀዝቀዝ ሕግ ነው።

በሰከንድ የሚጠፋ ሙቀት = የማስተላለፍ ምጣኔ × (የአካል ሙቀት መጠን − የአየር ሙቀት መጠን)

ለእንዲህ ዓይነቷ ወፍ የማስተላለፍ ምጣኔውን በግምት 0.013 ዋት በዲግሪ እንውሰድ። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 62 ዲግሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ወፏ 0.81 ዋት ያህል ሙቀት ማመንጨት ይኖርባታል። የአሜሪካዋ ዊስከንሰን በምትገኝበት ኬክሮስ የታኅሣሥ ሌሊት 15 ሰዓት ወይም 54,000 ሰከንድ ይረዝማል። ሁለቱን ስናባዛ 43.5 ኪሎ ጁል እናገኛለን። አንድ ግራም ስብ 39 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ ወፏ እስኪነጋ ድረስ 1.1 ግራም ስብ ታቃጥላለች። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ውላ ምሽት ላይ የምትይዘው ስብ ከአንድ ግራም ብዙም አይርቅም። ሒሳቡ አልሞላም ማለት ነው!

ታዲያ ልዩነቱን በምን ታካክሰዋለች? ቺካዲ ሌሊት የአካሏን የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ያህል ዝቅ ታደርጋለች። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከ62 ወደ 52 ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው ስብም 0.94 ግራም ይሆናል። በተጨማሪም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ በማደር ከነፋስ ትጠለላለች። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ ከሁለት አሥረኛ ግራም ስብ ያነሰ ነው።

ከዚህ ስሌት የምንማረው ሌላም ነገር አለ። አየሩ ዜሮ ዲግሪ በሚሆንበት ሌሊት ያው የ10 ዲግሪ ቅነሳ 24 በመቶ ሙቀት ያድናል፤ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ግን 16 በመቶ ብቻ። ብርዱ በበረታ ቁጥር የዘዴው ፋይዳ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ሌሊት ወሳኙ ቀን የተበላው ምግብ ነው።

እጃችንን እንዘርጋ ወይስ እንሰብስብ?

ሲነጋ ወፏ የተቃጠለውን ስብ በዘጠኝ ሰዓት የቀን ብርሃን ውስጥ መተካት አለባት። በዱር ቢሆን በዛፍ ልጥ ሥር የተሸሸጉ ነፍሳትንና የሸረሪት እንቁላሎችን፣ ቀደም ብላ የደበቀቻቸውንም ፍሬዎች አንድ በአንድ ትፈልጋለች። አንድ ግራም የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ግን 24 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል አለው፤ ሞራ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የሌሊቱን ወጪ ለመሸፈን አንድ ግራም ተኩል ፍሬ ይበቃል፤ በምግብ መፈጨት ጊዜ የሚባክነውን ስናስብ ጥቂት ይጨምራል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ነው። በመስክስ? ማርጋሬት ብሪቲንግሃምና ስታንሊ ቴምፕል የተባሉ ተመራማሪዎች በዊስከንሰን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ተጨማሪ ምግብ ካገኙት ቺካዲዎች 69 በመቶ የሚሆኑት ከክረምቱ በሕይወት ሲወጡ፣ ካላገኙት ግን 37 በመቶ ብቻ ተርፈዋል። ልዩነቱ የታየውም በተለይ ብርዱ በጸናባቸው ወራት ነው። የእኛም ስሌት የሚጠቁመው ይህንኑ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ወፎቹ ጥገኞች ሆነው አይቀሩምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ለ25 ዓመታት ምግብ ሲቀርብበት ከነበረ ደን መመገቢያዎቹን አንሥተው ተመለከቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል፤ የዚያ ደን ወፎች መመገቢያ ፈጽሞ ከማያውቁት እኩል ክረምቱን አልፈዋል። የዱር ምግብ ፍለጋቸውን አልረሱም ነበር።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በብሪታንያ ትራይኮሞኖሲስ የተባለ በሽታ ግሪንፊንች በሚባሉት ወፎች ላይ ተነሣ። በሽታውን የሚያመጣው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ የወፏን ጉሮሮ ያቆስላል፤ በምራቅ በተበከለ ምግብና ውኃም ይተላለፋል። ብዙ ወፎች በአንድ ገበታ ሲሰበሰቡ መተላለፊያው ይመቻቻል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግሪንፊንቾቹ ሢሶ ያህሉ አለቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021ም ይህ ዝርያ በአገሪቱ ክፉኛ ከሚያሰጉት አእዋፍ ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባ። በበጎ ልብ የተዘረጋ ገበታ በንጽሕና ካልተያዘ የሞት ገበታ ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ነገ ለትምህርት ወይም ለኑሮ ወደ ብርዳማ አገር የምትሄዱ አንባቢያን ወፎችን ብትመግቡ የሚከተለውን ልብ በሉ። በአንድ ቀን የሚያልቅ መጠን ብቻ አቅርቡ። የረጠበና የሻገተ ፍሬ ድፉ። መመገቢያውን አዘውትራችሁ እጠቡና በደንብ ይድረቅ። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። የታመመ ወፍ ካያችሁም ማቅረቡን አቁማችሁ ወፎቹ እንዲበተኑ አድርጉ።

ለአንባቢያን የቀረበ ሙከራ

አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ጠርሙስ ወስዳችሁ እኩል የሞቀ ውኃ ሙሉባቸው። በየአምስት ደቂቃው የሙቀት መጠናቸውን ለኩና በአንድ ግራፍ ላይ ሣሉ። ቀጥላችሁ ትንሹን ጠርሙስ መጀመሪያ በደረቅ፣ ከዚያም በረጠበ ጥጥ ጠቅልላችሁ ሙከራውን ድገሙ። ሦስቱ የትንሹ ጠርሙስ መስመሮች ለምን ተለያዩ? መልሱን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ያቺ አረጋዊት ጎረቤታችን በየቅዳሜው መመገቢያውን አውርደው በሙቅ ውኃ ሲያጥቡ እናያቸው ነበር። ያን ጊዜ ከጽዱነታቸው የመጣ ልማድ መስሎን ነበር። ለወፎቹ ከፍሬው ባላነሰ ያስፈልጋቸው የነበረው ያ እጥበት መሆኑን የተረዳነው ግን ቆይተን ነው።