በቤትና በሱቅ ስለሚያጋጥም ጥቃቅን መከራ



አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ስለ ታላላቅ መከራ የተነገረውን ብዙ ሰምተሃል። ሞት ሲመጣ፥ እሳት ንብረት ሲያጠፋ፥ ረኃብ አገር ሲያስለቅቅ ሰው እንዴት ሊታገሥ እንደሚገባው መምህራን በሚንበር ላይ ደጋግመው አስተምረዋል። ነገር ግን ታላቅ መከራ በሰው ዕድሜ ውስጥ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ሲመጣም ጎረቤት ይሰበሰባል፥ ዘመድ ያጽናናል፥ ዓሊም ይመክራል፤ ባለ መከራውም በፈተና ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ምላሱንና እጁን ይጠብቃል። የሱቅህ ቁልፍ በጠዋት ሲጠፋብህ ግን ለቅሶ የሚደርስልህ የለም። የጫማህ ማሰሪያ በመንገድ ላይ ሲበጠስ፥ ዘይቱ በጨርቁ ጣቃ ላይ ሲፈስ፥ ደንበኛው ዕቃውን ሁሉ አስወርዶ ምንም ሳይገዛ ሲሄድ፥ ስልኩ በጨነቀህ ሰዓት አልሠራ ሲልህ፥ ይህን ፈተና ብሎ የሚጠራልህ ሰው አታገኝም። አንተ ራስህም ፈተና ነው አትለውም። ሰው ሳይዘጋጅ የሚያዘው እንግዲህ በዚህ በኩል ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ሃይማኖታችን ንቆ አላለፈውም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊምን የሚያገኘው ድካምና ሕመም፥ ጭንቀትና ሐዘን፥ ሌላው ቀርቶ የምትወጋው እሾህ እንኳ ከኀጢአቱ የሚሰረዝበት ምክንያት እንደምትሆን አስተምረዋል። እሾህ ምንድን ናት? ነቅለህ ትጥላታለህ፤ ማታ የወጋችህ በየትኛው እግርህ እንደ ነበረ ትረሳዋለህ። በአላህ ዘንድ ግን አልተረሳችም። ነጋዴ ሆይ፥ አንተ ሳንቲሟን ሁሉ በመዝገብህ የምትጽፍ ሰው ነህና ይህ ነገር ካንተ የበለጠ ማን ይገባዋል?

እኔ ዛሬ ልነግርህ የፈለግሁት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። እሾህቱ ስትወጋህ የጮኽኸው በማን ላይ ነበር?

የጥቃቅን መከራ ጠባይ እንደ ውኃ ነው፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ደንበኛው ነጋዴውን ያበሳጨዋል፤ ነጋዴው ለደንበኛው መልስ መስጠት ስለሚፈራ በሱቁ ልጅ ላይ ይጮኻል። የቀረውን ቍጣ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ሚስቱን ያዋርዳል። እርስዋም መልስ መስጠት ስላልቻለች ሕፃኑን ትቈነጥጣለች። ሕፃኑም ወጥቶ ድመቲቱን ይመታል። ሁሉም በደሉን ያሳረፈው ሊመልስለት በማይችል ላይ መሆኑን ልብ በል። ቁልፉ ቀትር ሳይሆን ተገኝቷል፤ ዘይቱ ታጥቦ ጨርቁ በቅናሽ ተሸጧል። በሱቁ ልጅ ላይ የተነገረው ቃል ግን ገና አልተከፈለም። እርሱ ዕዳ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ከሳሪ ማለት ማን እንደ ሆነ ጠይቀዋቸዋል። እነርሱም ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው ብለው መለሱ። እርሳቸው ግን የሕዝባቸው ከሳሪ ሰላቱን፥ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ፥ ነገር ግን ይህን የሰደበ፥ ያን የመታ፥ የሌላውን ገንዘብ የበላ ሰው መሆኑን ገለጡላቸው። ለተበደሉት ከበጎ ሥራው እየተቈረሰ ይሰጣቸዋል፤ ባለቀም ጊዜ ከእነርሱ ኀጢአት ተወስዶ በእርሱ ላይ ይጫናል። ሱቅ ያለው ሰው ይህን ሐዲስ ሰምቶ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው እኔ አላውቅም።

አሁን በጉዞ ላይ ስለ ጠፋች አንዲት የአንገት ጌጥ እናንሣ። ታሪኩን በቡኻሪ ዘገባ የምናገኘው ከራሳቸው ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዎቻቸው ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ፥ በይዳእ ወይም ዛቱል ጀይሽ ከሚባለው ስፍራ በደረሱ ጊዜ የዓኢሻ የአንገት ጌጥ ተበጥሳ ጠፋች። በሌላ ዘገባ እንደ ተነገረው ጌጧ ከእኅታቸው ከአስማእ የተዋሷት ነበረች፤ የሰው ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ሴቶች ያውቃሉ። ነቢዩም ለፍለጋው ሲሉ ቆሙ፤ ሰዉም ሁሉ አብሮ ቆመ። በስፍራው ውኃ የለም፤ ሰዎቹም የያዙት ውኃ የላቸውም።

ወንድሜ ሆይ፥ ዕቃህን በመኪና አስጭነህ ስትጓዝ በአንድ መንገደኛ ምክንያት ጉዞው ቢቆም በልብህ ምን እንደምትል አስብ። በዚያም ሰዎች ወደ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ሄደው፥ ልጅዎ ያደረገችውን አያዩምን፤ ነቢዩንና ሰዉን ሁሉ ውኃ በሌለበት ስፍራ አስቆመች ብለው አማረሩ። አቡ በክርም ወደ ልጃቸው መጡ። ነቢዩ በዚያን ጊዜ ራሳቸውን በዓኢሻ ጭን ላይ አኑረው ተኝተው ነበር። አባትየው ልጃቸውን ገሠጹ፤ አላህ የፈቀደውን ያህል ተናገሩ፤ በእጃቸውም ጎናቸውን ይወጉ ጀመር። ዓኢሻ ያልተንቀሳቀሱት የነቢዩ ራስ በጭናቸው ላይ ስለ ነበረ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም እንበል። የገሠጹት ሰው ከነቢያት በኋላ ከሰው ሁሉ የሚበልጡት ሲዲቅ ናቸው። ይህን የምናነሣው በእርሳቸው ላይ ነቀፌታ ለማግኘት አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። አባት ናቸው፥ ስለ ሰዉና ስለ ሰላቱ ተጨንቀዋል። ነገር ግን የውኃ ማጣትና የሰው ማማረር የእርሳቸውን ያህል ሰው እንኳ ካናገረ፥ እኔና አንተ እንዴት ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን? ደግሞም የሁሉ አለቃ የሆኑትን ተመልከት። ጉዞው የተቋረጠባቸው እርሳቸው ናቸው፤ ሠራዊቱም የእርሳቸው ነው። በዘገባው ውስጥ ግን ዓኢሻን አንዲት ቃል እንደ ተናገሩ አልተጻፈም። ተኝተው ነበር።

ሲነጋ ውኃ አልነበረም። አላህም የተየሙምን አንቀጽ አወረደ፤ ሰዎቹም በንጹሕ አፈር ተየሙም አድርገው ሰገዱ። ሕጉ በሱረቱ ኒሳእ በ43ኛውና በሱረቱል ማኢዳህ በ6ኛው አንቀጽ ይገኛል። ሕመምተኛው፥ መንገደኛው፥ ውኃ ያጣው ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀምበት ታላቅ ማቅለያ የወረደው አንዲት ሴት ጌጥ ስለ ጠፋባት ሰዉ በተበሳጨበት ሌሊት ነው። ኡሰይድ ኢብን ሑደይር (ረ.ዐ.) ይህን ባዩ ጊዜ፥ የአቡ በክር ቤተ ሰቦች በረከት ይህች የመጀመሪያዋ እንዳልሆነች ተናገሩ። ትናንት ማታ ጥፋት የተባለው ጠዋት በረከት ተባለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዓኢሻ ተቀምጠውባት የነበረችውን ግመል ባስነሡ ጊዜ ጌጧን ከሥርዋ አገኟት።

ከግመሊቱ ሥር! ያን ሁሉ ጊዜ ከዚያው ነበረች። እኔም መነጽሬን ቤቱን ሁሉ አስገልብጬ ስፈልግ ከራሴ ላይ ባገኘሁት ቍጥር ይህች ግመል ትዝ ትለኛለች።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ቡኻሪ እንደ ዘገቡት ነቢዩ ከአንደኛዋ ባለቤታቸው ቤት ሳሉ ሌላዪቱ ባለቤታቸው በሳሕን ምግብ ላከች። ባለ ተራዋ ቅናት ይዟት የአገልጋዩን እጅ መታች፤ ሳሕኑም ወድቆ ተሰነጠቀ። እንግዶች ባሉበት ቤት ይህ ሲሆን ባል ምን ያህል እንደሚያፍር ገምት። እርሳቸው ግን ጐንበስ ብለው ስባሪውን ሰበሰቡ፥ ምግቡንም ሰብስበው ወደ ስባሪው መለሱ፤ ለተቀመጡትም እናታችሁ ቀናች ብለው ነገሩን አቀለሉላቸው። ከዚያም አገልጋዩን አቆይተው ከሰባሪዋ ቤት ደኅና ሳሕን አስመጥተው ለተሰበረባት ላኩላት፤ ስባሪውን ከሰበረችው ቤት አስቀሩት። እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ አለ፤ ይቅር ባይነታቸው የባለ መብቷን ሐቅ አላስቀረም። ሳሕኑ ተከፍሏል። ያልተከፈለው ውርደት ብቻ ነው።

የዕዳ ጠያቂውን ነገር በአጭሩ ላንሣው። ግመል ያበደራቸው አንድ ሰው ነቢዩን በሻካራ ቃል ጠየቃቸው። ባልደረቦቻቸው ሊነሡበት ባሰቡ ጊዜ፥ ባለ መብት የመናገር ሥልጣን አለውና ተዉት አሏቸው፤ ካበደረውም የተሻለ ግመል አሰጡት። አንተ ደግሞ ቀኑ ያለፈበትን ዕዳህን ለመጠየቅ ሰው ደንበኛ ባለበት ሰዓት ስለ መጣብህ ብቻ ተበሳጭተህ ስንት ጊዜ ነገ ተመለስ ብለኸዋል?

ስለ እንስሳም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። በሙስሊም ዘገባ አንዲት የአንሷር ሴት በጉዞ ላይ በተቀመጠችባት ግመል ተበሳጭታ ረገመቻት። ነቢዩም ሰምተው ጭነቱን አውርደው ግመሊቱን እንዲለቋት አዘዙ፤ የተረገመች ናትና። ዛሬ ግመል ላይ የሚቀመጥ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በጠዋት አልነሣ ያለውን መኪናውን የሚራገም ብዙ ነው። ብረት እርግማን አይሰማም ትለኝ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆችህ ግን ይሰማሉ።

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ኪታብ በእጄ እየገለበጥሁ ሳለ፥ ቀለም እንዲያመጣልኝ ያዘዝሁት ትንሽ ደረሳ የምንጣፉ ጫፍ አደናቅፎት ቀለሙን በጻፍኋቸው ገጾች ላይ ደፋው። በጓደኞቹ ፊት፥ እዚህ ልጽፈው የማልደፍረውን ቃል ተናገርሁት። የተበላሹት ገጾች ሦስት ነበሩ፤ በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በፊት እንደ ገና ጽፌ ጨረስኋቸው። ልጁ ግን በማግሥቱ አልመጣም። አባቱ እጁን ይዞ ያመጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። አፉ በለኝ አልሁት፤ እሺ አለኝ፥ ነገር ግን ወደ መሬት እያየ ነበር። ከዚያም ወዲያ በአጠገቤ ሲያልፍ ግድግዳውን ታክኮ ይሄድ ነበር። አነስ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ነቢዩን ዐሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ ኡፍ እንዳላሏቸው፥ ስላደረጉትም ለምን አደረግህ፥ ስላላደረጉትም ለምን አላደረግህም እንዳላሏቸው የሚናገረውን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬ ነበር! ለዚያውም ለዚህ ለራሱ ልጅ።

እንግዲህ ምን እናድርግ ብትለኝ፥ ትዕግሥት የሚለካው በመጀመሪያው ድንጋጤ ጊዜ መሆኑን ነቢዩ አስተምረዋል። ማታ ተኝተህ ካደርህ በኋላ የሚመጣውማ መርሳት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያይቱን ደቂቃ ጠብቃት። የተቈጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፥ ካልበረደለትም ጋደም እንዲል በአቡ ዳውድ ዘገባ ታዟል፤ በሱቅህ ውስጥ አንዲት ዱካ የምታኖረው ለደንበኛ ብቻ አይሁን። ተቈጥተህ ሳለህም አትፍረድ። ቃዲ በተቈጣ ጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ ተከልክሏልና፥ አንተም በሱቅህ ውስጥ ቃዲ ነህ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋኝ የደመወዝ ነገር ነው። ብርጭቆ ተሰበረ፥ ነጋዴው ተናደደ፥ ወዲያው ከደመወዝህ ይቈረጣል አለ። የፊቅህ ሊቃውንት በደመወዝ ተቀጥሮ ለአንተ ብቻ የሚሠራው ሰው እጁ የአደራ እጅ ነው ይላሉ፤ ወሰን ካላለፈና ችላ ካላለ በስተቀር በእጁ ላይ ለጠፋው ተጠያቂ አይሆንም። እርጥብ ወለል ላይ አንሸራትቶት የሰበረው ከሆነ ኪሳራው ያንተ ነው፤ ብትቈርጥበት የላቡን ዋጋ በልተሃል። አኑር ያልኸውን ትቶ እየተጫወተ ሰብሮት እንደ ሆነ የዕቃውን ዋጋ ልትጠይቀው ትችላለህ፤ ዋጋውም አንተ የገዛህበት እንጂ የምትሸጥበት አይደለም የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ። በዚህ ወር በቍጣ የቈረጥኸው ካለ መዝገብህን አውጣና እይ፤ ልጁ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ገንዘቡን በእጁ ስጠው፥ አፉ በለኝም በለው። የሰደብኸው በሰው ፊት ከሆነ፥ ይህንም በነዚያው ሰዎች ፊት አድርገው።