የተመረጠ መንግሥት እስኪመጣ መጠበቅ፦ የመሪ ቅቡልነትና የዲፕሎማሲ ግንኙነት

በትምህርት ክፍላችን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ኮርስ ላይ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ አለ። መንግሥታችን ሕዝቡ ካልመረጠው የውጭ መሪ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይገባል ወይ? የሚል ነው። አብዛኛው ተማሪ ቶሎ ብሎ “አይገባም” ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴን ከላይ ከላይ ሳይሆን በአባይ ጉዳይ ላይ በደረሰው ነገር ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 2 የዲፕሎማሲ ግንኙነት የሚመሠረተው በሁለቱ አገሮች የጋራ ፈቃድ ነው ይላል። ስለ ምርጫ አንድም ቃል የለበትም። በፖለቲካው በኩል ግን ክርክሩ የቆየ ነው። ኢኳዶራዊው ካርሎስ ቶባር በ1907 በኃይል ሥልጣን ለያዘ መንግሥት እውቅና ይነፈግ ብሎ ነበር። የሜክሲኮው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኸናሮ ኤስትራዳ ደግሞ በ1930 የተቃራኒውን አወጀ፤ አምባሳደር እንልካለን ወይም እንጠራለን እንጂ የሌላውን አገር መንግሥት ሕጋዊ ነው፣ አይደለም እያልን አንፈርድም አለ። ሜክሲኮ ይህን ያለችው ወዳ አይደለም፤ አሜሪካ እውቅና እየነፈገች ስታስቸግራት የኖረች አገር ነች።

ይህችው “አንፈርድም” ያለችው ሜክሲኮ ከ6 ዓመት በኋላ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትይዝ እውቅና አልሰጥም አለች። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሕዝቧ በመረጠው ፓርላማ የምትተዳደረው ብሪታንያ ደግሞ በ1938 ለወረራው እውቅና ሰጠች። የሜክሲኮ አቋም እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ሰው ካለ ልዩነቱን ያስተውል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ማን ያስተዳድር የሚለውና ቤቱን ከውጭ መጥቶ መንጠቅ ሁለት ጉዳዮች ናቸው።

ወደ አባይ እንምጣ። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በግንቦት 2010 በኢንቴቤ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች። በየካቲት 2011 ሙባረክ ወረዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የግብጽ የሕዝብ ልዑካን ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ሲያነጋግር፣ እርሳቸው ግብጽ የተመረጠ መንግሥት እስክታቋቁም ድረስ የስምምነቱን ማጽደቅ ለማዘግየት ተስማሙ። እንግዲህ የክፍላችን ጥያቄ በተግባር ሲፈተን ይህን ይመስላል፤ የጎረቤትን ሕዝብ ምርጫ አክብሮ መጠበቅ።

ታዲያ ምን ተገኘ? መሐመድ ሙርሲ በ2012 ተመረጡ። በሰኔ 2013 መጀመሪያ እርሳቸው በሰበሰቡት ጉባኤ ላይ ፖለቲከኞቹ ግድቡን እንዴት እናደናቅፍ፣ ማንን እናስታጥቅ እያሉ ሲመክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። የኢትዮጵያ ፓርላማም በሰኔ 13 ስምምነቱን አጸደቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሙርሲ በጦር ሠራዊቱ ከሥልጣን ተነሱ። ብዙ የተጠበቀው የተመረጠ መንግሥት ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ሆነ።

ከዚያ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። በመጋቢት 2015 በካርቱም በሕዳሴው ግድብ ላይ የመርሆዎች ስምምነት ሲፈረም ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አል ሲሲ ሙርሲን ካነሱ በኋላ በ2014 በተደረገ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ ናቸው። አል በሽር በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት የመጡና ከ2009 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእሥር ማዘዣ ያወጣባቸው ነበሩ። ሦስተኛው የእኛው የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን የነበሩት ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው። በእኛ በኩልም ቢሆን በ2010ሩ ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱን ወስደው ነበር። በምርጫ ጥራት ሚዛን ብንሄድ ከሦስቱ ማን ለመፈረም ይቀርብ ነበር? አል በሽር በ2019 ወረዱ፣ ፊርማው ግን ሱዳን የምትባለው አገር ፊርማ ሆኖ ቀረ። መሪ ይሄዳል፣ ወንዙና ድንበሩ አይሄዱም።

እዚህ ላይ ከጋሞ ባህል አንድ ነገር ልጨምር። በጋሞ ደጋ ካዎነት በዘር የሚወረስ ሲሆን ሃላቃ ግን በዱቡሻ፣ ማለትም በሕዝቡ መሰብሰቢያ፣ ይመረጣል። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ጉባኤዎች አጥንቶ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። ዱቡሻ ላይ የማይቀመጥ የጎረቤት ደሬ ሰው ሃላቃውን አይሾምም፣ አይሽርም። በ2018 የቡራዩ ግድያ ከተሰማ በኋላ በከተማችን የተቆጡ ወጣቶችን አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ሲመልሱ፣ ያን ክብር ያገኙት ከራሳቸው ሕዝብ ነው፤ የውጭ እውቅና አልሰጣቸውም። እኔም ቅቡልነትን የምረዳው እንዲሁ ነው፦ ዳኛው የገዛ ሕዝቡ ነው።

ተቃራኒው መከራከሪያ ግን ቀላል አይደለም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ “ሁሉንም የምትጨብጥ ከሆነ ጠመንጃ ያነሳ ሁሉ እጅህን ፎቶ አንስቶ ለሕዝቡ ያሳያል” ይለኛል። ልክ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የ2000ውን የሎሜ መግለጫ፣ የአፍሪካ ሕብረትም በ2007 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውን የዴሞክራሲ ቻርተር ያወጡት ለዚሁ ነው። ቻርተሩ የመፈንቅለ መንግሥት መሪ በሚከተለው ምርጫ አይወዳደርም ይላል። ግብጽ በ2013 ታግዳ በ2014 ስትመለስ ግን የተመለሰችው በአል ሲሲ መሪነት ነበር፤ ደንቡ ጉልበተኛ አገር ላይ ሲደርስ እንደሚላላ ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ እኔ የምለው ኤምባሲው ይከፈት፣ ክብሩ ግን ይለካ ነው። የሱዳን ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕብረቱ በሰኔ 6 ቀን 2019 ሱዳንን አገደ፤ በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካርቱም ገብተው ወታደራዊ ምክር ቤቱንም ተቃዋሚዎቹንም አነጋገሩ። በአንድ በኩል የሕብረቱ ወንበር ተከለከለ፣ በሌላ በኩል ንግግሩ አልተቋረጠም። በነሐሴ ወር ሁለቱ ወገኖች የሽግግር ሰነዱን ፈረሙ። በጥቅምት 2021 ጦሩ እንደገና ሥልጣኑን ጠቀለለ፣ ሕብረቱም እንደገና አገደ። ያኔም ቢሆን የመተማ ገበያና የድንበሩ ገበሬ የካርቱምን ምርጫ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም።