ኃይል፣ ስሜትና ፈውስ በግለሰብና በጥንዶች የሥነ ልቦና ሕክምና

የሥነ ልቦና ሕክምና ድርሳናት ስለ ስሜት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ኃይል ግን ጥቂት። ፍርሃት፣ ኀፍረት፣ ቁጣና ናፍቆት ከሰው ውስጥ እንደሚመነጩ ሆነው ይቀርባሉ። ማን በማን ላይ መቆጣት እንደሚፈቀድለት፣ የማን ዕንባ እንደሚታመን፣ የማን ዝምታ እንደ ጨዋነት እንደሚቆጠር መመርመር ግን የማኅበረሰብ ጥናት ሥራ ነው ተብሎ ይተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት፣ በተለይም በጥንዶች ሕክምና፣ ጉዳት እንደሚያስከትል ለማሳየት ይሞክራል። «ኃይል» የሚለው ቃል የተመረጠው «ሥልጣን» በሚለው ፈንታ ነው። ሥልጣን በሹመት ወይም በሕግ የሚገኝ ነው፤ እዚህ የሚታየው ግን የአንዱ ፍላጎት የሌላው አሳብ ሳይጠየቅ የሚፈጸምበት፣ ብዙ ጊዜም ስም ያልወጣለት አቅም ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ገና በቤተሰብ ሕክምና ጅማሬ ግሪጎሪ ቤትሰንና ጄይ ሄሊ በዚሁ ጉዳይ ተለያይተዋል። ለቤትሰን ኃይል አሳሳች ዘይቤ ነበር፤ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሁሉም በሁሉም ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር በመሆኑ አንዱን ገዥ ሌላውን ተገዥ ማለት ስሕተት ነው ባይ ነው። ሄሊ በበኩሉ በማንኛውም ዘላቂ ግንኙነት ውስጥ «ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው?» የሚለው ትግል አይቀሬ መሆኑን ይሞግታል። ቀጥሎ የሴቶችን እኩልነት መነሻ ያደረጉ ጸሐፍት፣ ራሼል ሄር-መስቲን እ.ኤ.አ. በ1978፣ ቨርጂኒያ ጎልድነር በ1985፣ የቤትሰንን መንገድ የተከተለውን ልማድ ነቀፉ። ችግሩ በክብ የሚዞር ነው ሲባል የባልና የሚስት ድርሻ እኩል ይመስላል። ገንዘቡ፣ ቤቱና ትቶ የመሄድ አማራጩ በማን እጅ እንዳለ ግን ከክቡ ውጭ ይቀራል።

ጠያቂና ገሸሽ ባይ

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው አንድሩ ክሪስተንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ነው። በብዙ ጥንዶች መካከል አንዱ ወገን ይወተውታል፣ ይከሳል፣ ለውጥ ይጠይቃል፤ ሌላው ዝም ይላል፣ ርዕስ ይቀይራል፣ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ቀድሞ የነበረው ግምት ሴት በተፈጥሮዋ ጠያቂ፣ ወንድ በተፈጥሮው ገሸሽ ባይ ነው የሚል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ጥንዶቹን ሁለት ጊዜ አወያዩአቸው፤ አንድ ጊዜ ሚስት እንዲለወጥ በምትሻው ጉዳይ፣ ሌላ ጊዜ ባል እንዲለወጥ በሚሻው። የሚስት ጉዳይ በቀረበ ጊዜ ልማደኛው ገጽታ ጎልቶ ታየ፤ የባል ጉዳይ በቀረበ ጊዜ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ጠያቂነት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገሩ እንዳለ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ዝም በማለቱ የሚያጣው የለም፤ እንዲለወጥ የሚፈልግ ግን መናገር አለበት፣ ሲናገርም ነዝናዛ ይባላል።

ይህ ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ኩርፊያ። ገሸሽ ባዩ ከንግግሩ የወጣ ሰው ተደርጎ ተስሏል። ያኮረፈ ሰው ግን አልወጣም፤ ፊቱን አዙሮ እዚያው ተቀምጦ እንዲያባብሉት ይጠብቃል። ምግብ ይመልሳል፤ በልጅ በኩል «ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው» እያለ ይነጋገራል። ስለዚህ ኩርፊያ በአንድ ጊዜ ሽሽትም ጥያቄም ነው። ፊት ለፊት መጠየቅ የማይፈቀድለት ሰው ብቸኛ አቤቱታ ሊሆን ይችላል፤ መጠየቅ የማያስፈልገው ሰው የሚጥለው ቅጣትም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው በስሜቱ ጥልቀት ሳይሆን በዙሪያው ባለው የኃይል አሰላለፍ ነው፤ እስከ ዛሬ በዚህ ቤት አባባዩ ማን ነው? ኩርፊያው ሲጀምር የቤት ወጪ ይቋረጣል? ሲያበቃስ የተለወጠ ነገር አለ ወይስ ያኮረፈው ወገን ብቻውን ደክሞት ተወው? እነዚህን ሳይጠይቅ «ሁለታችሁም ዝምታን ትጠቀማላችሁ» የሚል ባለሙያ ትክክል የሚመስል፣ ፍሬ ነገሩን ግን የሳተ ዓረፍተ ነገር ተናግሯል።

የለስላሳ ስሜት ዋጋ

ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ በ1980ዎቹ ያዳበሩትና የመጀመሪያ የንጽጽር ጥናቱ በ1985 የታተመው ስሜት ተኮር የጥንዶች ሕክምና ዛሬ በዘርፉ ከፍተኛ ተሰሚነት ካላቸው አካሄዶች አንዱ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነው። ከላይ የሚታየው ቁጣ ወይም ቅዝቃዜ ከሥሩ ሌላ ስሜት ይሸፍናል፤ የመተው ፍርሃት፣ ያለመፈለግ ሐዘን፣ የአልረባም ባይነት ኀፍረት። ይህ የተሸፈነ ስሜት በባለሙያው ፊት ሲነገርና የትዳር ጓደኛው ሲቀበለው ቁርኝቱ ራሱ ይለወጣል። ጄምስ ኮንና ባልደረቦቹ በ2006 ያወጡት የአንጎል ምስል ጥናትም ለዚህ ድጋፍ ይሰጣል። ለኤሌክትሪክ ንዝረት ሥጋት የተጋለጡ 16 ያገቡ ሴቶች የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለሥጋት የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ፤ ቅነሳውም ትዳራቸው በሠመረላቸው ላይ ይበልጥ ጎላ። ከዚህ ግኝት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል፤ እጅ ሁሉ እኩል አያረጋጋም።

የራሷ ገቢ የሌላት፣ የምትጠጋበት ዘመድም የራቃት ሚስት በሕክምና ክፍል ውስጥ «ብቻዬን መቅረት እፈራለሁ» አለች እንበል። በአካሄዱ መሠረት ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ባለሙያውም በልቡ ይደሰታል። ባልየው ግን የሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ «የትም አትሄድም»። በሳምንቱ በቤታቸው በሚነሣ ጭቅጭቅ ያ ቃል ተመልሶ ይመጣባታል። በአንጻሩ ባልየው «እንደማልረባ ይሰማኛል» ቢል የሚያጣው ገጽታውን እንጂ ኑሮውን አይደለም፤ ይህንን ማለቱም ሚስቱ ለመናገር የሚያስፈልጋትን ስፍራ ይከፍታል። ካርመን ናድሰን-ማርቲን ይህንኑ በመመልከት፣ ተጋላጭነትንና ሌላውን የማዳመጥን ሥራ መጀመር ያለበት ኃይል ያለው ወገን ነው ትላለች። የጆን ጎትማን ቡድን በ130 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ላይ አካሂዶ በ1998 ያወጣው ጥናትም የሚስቱን ተጽዕኖ የሚቀበል ባል ያለበት ትዳር የተሻለ እንደሚዘልቅ ገልጿል፤ የትንተናው ስልት በሌሎች ተመራማሪዎች ብርቱ ትችት ስለ ገጠመው ግን እንደ ደጋፊ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ ልንይዘው አይገባም። በጸሐፊው እምነት የናድሰን-ማርቲን ቅደም ተከተል የስልት ማሻሻያ ሳይሆን የደኅንነት ቅድመ ሁኔታ ነው።

ድብደባ ባለበት ቤት ደግሞ ቅደም ተከተል ብቻውን አይበቃም። ማይክል ጆንሰን በ1995 በጭቅጭቅ መሐል ድንገት የሚከሠትን ጥቃት፣ ሌላውን ሰው ጠቅላላ ለመቆጣጠር ከሚደረግ የጥቃት ሥርዓት ለይቶ አሳይቷል። በሁለተኛው ዓይነት ጥንዶቹን አንድ ላይ አስቀምጦ እውነቱን እንድትናገር መጋበዝ፣ ለሚከተለው ሌሊት ምክንያት ማቀበል ነው። ከጋራ ጉባኤ በፊት እያንዳንዱን ለብቻ ማነጋገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የባለሙያው ኃይልና የአማርኛው ሰዋስው

በግለሰብ ሕክምና ሦስተኛ ሰው ስለሌለ ኃይል የሌለ ይመስላል። አለ፤ የሚሰይመው ባለሙያው ነው። ካርል ሮጀርስ በ1957 ለለውጥ አስፈላጊና በቂ ያላቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ርኅራኄ የተሞላ መረዳትንና ቅድመ ሁኔታ የሌለው አክብሮትን ያስቀደመው፣ ኤድዋርድ ቦርዲንም በ1979 የሕክምና ትብብርን በግብና በተግባር ስምምነት እንዲሁም በትስስር የተረጎመው ይህን ኃይል ለመግራት ነው ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ግን ጉዳዩ እስከ ሰዋስው ይወርዳል። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ሆድ ባሰኝ ስንል ሰውየው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ስሜቱ ይመጣበታል። ለጥንዶች የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ሌላውን ከመክሰስ የራስህን ስሜት ተናገር» የሚል ነው። አማርኛ ይህን ያለ ሥልጠና ያደርገዋል፤ «አስከፋኸኝ» ከማለት «ከፋኝ» ማለት ይበቃል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። «ከፋኝ» አድራጊውን ይሰውራል፤ ደካማው ወገንም ይህን አነጋገር የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በብስለት ሳይሆን «አስከፋኸኝ» ማለት ስለሚያስፈራው ነው። እንዲህ ላለችው ተገልጋይ ፈውሱ አድራጊ ያለው ዓረፍተ ነገር መናገር መቻሏ ነው፤ መጽሐፉ የሚመክረው ተቃራኒውን ቢሆንም።

የአክብሮት ተውላጠ ስምም እንዲሁ። ባልን «እርስዎ» ሚስትን «አንቺ» የሚል ባለሙያ፣ በዕድሜ ልዩነት ምክንያት ቢያደርገውም እንኳ፣ ገና ጉዳዩ ሳይነሣ ወገን ይዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ተጋቢዎች በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ የለወጠውን ተውላጠ ስሙ ሳይለውጠው ሊቀር ይችላል።

ሽምግልናን ከዚህ ሕክምና ጋር ማነጻጸር የተለመደ ስለሆነ አንድ ነጥብ ብቻ እናክል። ሽማግሌዎች የሌላቸውን ገለልተኝነት አያስመስሉም፤ የሁለቱንም ቤተ ዘመድ ያውቃሉ፣ ዋስ ይጠራሉ፣ ቃሉን ያፈረሰ ወገን በሰፈር ይታፈራል። ባለሙያው ከክፍሉ ውጭ እንዲህ ያለ አቅም የለውም። በሌላ በኩል ዕርቁ ቶሎ እንዲወርድ የሚደረገው ግፊት ብዙ ጊዜ ይቅር እንዲል በሚጠየቀው ወገን ላይ ይከብዳል፤ ሸንጎውም አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ነው።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመች፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ሥራ ከዚህ ይነሣል። በተገልጋዮች ፈቃድ የተቀዱ የአማርኛ የጥንዶች ሕክምና ንግግሮችን ወስዶ ሦስት ነገር መቁጠር ይቻላል፤ ማን በምን ተውላጠ ስም እንደተጠራ፣ ለስላሳውን ስሜት አስቀድሞ እንዲናገር የተጋበዘው የትኛው ወገን እንደሆነ፣ «ከፋኝ» ወደ «አስከፋኸኝ» የተሸጋገረው በስንተኛው ቀጠሮና ከማን አፍ እንደሆነ።