የረገፈ ቅጠልና የጓሮ አፈር

የክረምቱ ዝናም አልፎ በጋው ሲገፋ፥ ብሳናውና ዋንዛው ቅጠላቸውን ማራገፍ ይጀምራሉ። ብዙ ሰዎችም ይህን ቅጠል ጠርገው በአጥር ሥር ያቃጥሉታል። ግቢን መጥረግ የሚመሰገን ልማድ ነው፤ ማቃጠሉ ግን ሁለት ጉዳት አለው። ጢሱ የሁሉንም፥ ይልቁንም የሕፃናትንና የሽማግሌዎችን ሳንባ ይጎዳል፤ ለአፈሩ ምግብ ይሆን የነበረው ናይትሮጅንም አብሮ ይጠፋል። ቅጠሉን በቦይ የሚጥሉትም ውሃውን አግደው ለቢምቢ መራቢያ ያዘጋጃሉ።

በእንግሊዝ አገር ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ፥ ሰዎች በመጸው የረገፈውን ቅጠል በሽቦ አጥር ውስጥ ሲከምሩት አይተናል። ቅጠል ብቻውን ሲከመር ለመበስበስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ከእርጥብ ሣርና ከከብት እበት ጋራ ሲደባለቅ ግን በጥቂት ወራት ይደርሳል። የሚያበሰብሱት ረቂቃን ነፍሳት በደረቁ ቅጠል ላይ የሚያንሳቸውን ናይትሮጅን ከሣሩና ከእበቱ ያገኛሉና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከውሃ ጕድጓድና ከማድ ቤት ራቅ ባለ ጥላ ሥፍራ፥ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል የሆነ ክምር ይሠራል። አንድ ስንዝር ደረቅ ቅጠል፥ በላዩ አራት ጣት እርጥብ ሣርና እበት፥ ከዚያም ስስ አፈር እያደረጉ መደርደር ነው። ውሃ ሲያርከፈክፉበት እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ዝንብ እንዳይራባበት ላዩን በአፈር መሸፈን ያስፈልጋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ክምሩ ይግላል፤ እንጨት ሰክተው ቢያወጡ ሙቀቱ በእጅ ይታወቃል። በየ15 ቀኑም የውጭውን ወደ ውስጥ ማገላበጥ ይገባል። ጠቁሮ ሲፈረፈርና የዱር አፈር ሲሸት ደርሷል።

ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ ቡቃያን ስለሚያቀጭጭ አብሮ አይከመር። የሰው ዐይነ ምድርም ከቶ አይጨመር፤ የወስፋት ዕንቁላል በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ቆይቶ፥ በሰላጣና በካሮት ላይ ሆኖ ወደ ልጆቻችን ሆድ ይመለሳል።

መምህራን ሆይ፥ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ሁለት መደብ አዘጋጁ። አንዱን በዚህ ብስባሽ አልሙት፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተዉት፤ በሁለቱም ላይ ጎመን ዝሩ። ተማሪዎቹ ከሥራው በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ መከሩም ሲደርስ ፍርዱን ራሳቸው ይስጡ። በዓይኑ ያየ ልጅ በቤቱም ቅጠል እንዳይቃጠል ይመክራል።