የጠላት አህያ በመንገድ ቢወድቅ

እግዚአብሔር አምላክ በደብረ ሲና ለሙሴ ሕጉን በሰጠ ጊዜ ስለ ታቦትና ስለ መሥዋዕት፥ ስለ በዓላትና ስለ ካህናት ብቻ አልተናገረም፤ ከጭነቱ በታች ስለ ወደቀ አህያም ተናገረ። ይህም ነገር በኦሪት ዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍ በ5ኛው ቍጥር ይገኛል። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ የሚጠላውን ሰው አህያ ጭነቱ ከብዶት ተኝቶ ቢያገኘው፥ አይቶ እንዳላየ እንዳያልፍ፥ ከባለ አህያው ጋር ሆኖ እንዲያነሣው ታዝዟል። ሕጉ የወዳጅን አህያ አለማለቱን ልብ ይሏል። የወዳጅን አህያ ማንሣትማ አሕዛብም ያደርጉታል።

ይህን ቃል በመጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ጥቂት መስሎ ይታየዋል፤ በአገው ምድር ለሚኖር ሰው ግን የዕለት ኑሮው ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፥ ከባንጃ እስከ አንከሻ ያለው አገር ዝናሙ የበዛ፥ ጭቃው የጠለቀ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ጎዳና ሁለቱን ከተሞች አቋርጦ ቢያልፍም፥ ከጎዳናው ወዲያና ወዲህ ያለው መንደር ገብሱንና ድንቹን፥ ቀርቀሃውንና ከሰሉን ከገበያ የሚያደርሰው ዛሬም በጋማ ከብት ጀርባ ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊትማ ከዚህ በቀር ሌላ መጓጓዣ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሜጀር ቺስማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ ቆንሲል ሆኖ ሲኖር፥ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ በካርታ ያኖረው ጓዙን በበቅሎና በአህያ አስጭኖ ነው። የመጽሐፉ ክብር የእርሱ ነው፤ ጓዙን የተሸከሙት እንስሳት ግን ያለ ስም ቀርተዋል።

አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ አንድ ሰው ብቻውን አህያ መጫን ይቸግረዋል። አስቀድሞ ጀርባውን መርምሮ ድልዳሉን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ቆመው ስልቻውን ወይም ጆንያውን እኩል ሊያነሡት ያስፈልጋል፤ መጫኛውንም አንዱ በሆዱ በታች አሳልፎ ሲሰጥ ሁለተኛው ተቀብሎ ያጠብቃል። አንዱ ወገን የከበደ እንደ ሆነ ጭነቱ ይዘምማል፤ ድልዳሉም ተንሸራትቶ ጀርባውን ይልጠዋል፤ ልጡም ሰንብቶ ገጣባ ይሆናል። ስለዚህ በገበያ መንገድ አህያው ጭነቱን የጣለበት ሰው ዓይኑን አሻግሮ መንገደኛ ይጠብቃል። የሚመጣው መንገደኛ ማን እንደሚሆን አያውቅም። ወንድሙም ሊሆን ይችላል፥ ስለ ድንበር ተካሶ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የተነፈገውም ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የተሰጠው ለዚች ሰዓት ነው። ከባለ አህያው ጋር ሆኖ ያንሣው ማለቱ ስለ ምን ነው? ባለቤቱ ቁጭ ብሎ መንገደኛው ብቻውን እንዳይደክም ነው። አንድም፥ መንገደኛው አህያውን ብቻውን አንሥቶ ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገር እንዳይሄድ ነው። ሁለቱ የተጣሉ ሰዎች በአንድ አህያ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ጭነቱ እኩል ይነሣ ዘንድ አንዱ «ያዝ» ሊል፥ ሌላውም «ይዣለሁ» ሊል ግድ ይሆንበታል። ሽማግሌ ተቀምጦ ያላናገራቸውን ሰዎች አህያ አናገራቸው ማለት ነው። እንግዲህ ይኸው ሕግ በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ እንደገና ሲነገር፥ በዘጸአት ጠላት የተባለው ሰው ወንድም ተብሎ እናገኘዋለን። አህያው ያው ነው፥ ጭነቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የሰውየው ስም ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ምን ሆኖ ነው ጠላት ወንድም የሆነ ያልን እንደ ሆነ፥ ጭነቱን አብረው ቢያነሡ ነው ብለን እንተረጕመዋለን።

ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ሸክም እንዲሸከም አዝዟል። በግእዝ ጾር ማለት ሸክም ማለት ነው፤ መነኮሳት ግን የሰይጣንን ፈተና ጾር ይሉታል። በሰው ጀርባ ያለው ጭነት በዓይን ስለማይታይ፥ በዓይን በሚታየው የአህያ ጭነት መለማመድ ይገባል። ባልንጀራ የሚለው ቃላችንስ ባለ እንጀራ፥ እንጀራ ተካፋይ ማለት አይደለምን?

በመንደር የሚደረገውን ቸርነት ያየን እንደ ሆነ አብዛኛው ትንሽ ነው፥ በጽሑፍም የሚመዘገብ አይደለም። አህያ የሌላት መበለት እህሏን ወደ ወፍጮ ስታስጭን ያለ ዋጋ አህያ የሚያውሳት ሰው አለ። ከሩቅ ቀበሌ ለመጣ ነጋዴ በደጁ ቦታ ሰጥቶ ለአጋሰሱ አንድ እቅፍ ገለባ የሚጥልለት አለ። ሴት ልጅ ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ የመንገደኛውን በቅሎ አስቀድማ ታጠጣለች። ርብቃም የአብርሃምን ሎሌ ብቻ ሳይሆን ግመሎቹንም እስኪጠግቡ ድረስ ባጠጣች ጊዜ ለይስሐቅ የተመረጠች መሆኗ ታወቀ። ግመሎቹ አሥር ነበሩ፤ የተጠማ ግመል ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው የርብቃ እንስራ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ ይቍጠረው። ደጉ ሳምራዊም ቁስለኛውን ያወጣው በገዛ እንስሳው ላይ ነበር፤ ስለዚህ እርሱ ራሱ እስከ እንግዶች ማደሪያ ድረስ በእግሩ ሳይሄድ አልቀረም። ወንጌሉ ይህን በቃል አይናገርም፤ ነገር ግን አንድ ከብት ያለው ሰው ያስተውለዋል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ደግሞ አለ፤ ብንሸሽገው አይጠቅምም። ተረቱ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል፤ በየመንደሩ ግን ባለቤቱን ፈርቶ አህያውን የሚመታ ሰው ይገኛል። በተጣላው ሰው ላይ እጁን ለመዘርጋት ያልደፈረ፥ ከማሳው ዳር የገባውን አህያ እግሩን በድንጋይ ይሰብራል፤ የፈረሱን ጅማት ይቈርጣል። ባለ አህያው ደግሞ ነገሩን በልቡ ይዞ ቀን ይጠብቃል። ካህናት ይህን እናውቃለን፤ ለዕርቅ ተጠርተን ከተቀመጥንበት ሸንጎ ብዙው የነገር ሥር ሲፈተሽ የሰው ደም ከመፍሰሱ በፊት የከብት ደም ፈስሶ ይገኛል። ኦሪት ግን የወደቀውን አህያ ከማንሣት አስቀድሞ በ4ኛው ቍጥር የጠፋውን የጠላት በሬ ወይም አህያ ወደ ባለቤቱ መመለስን አዝዟል። ማሳ ገብቶ የተገኘውን አህያ እየነዱ ወደ ባለቤቱ ቤት መውሰድ፥ ካሣም ቢኖር በሽማግሌ መጠየቅ፥ ከዚህ ሕግ የሚገኝ ሥርዓት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ መኪና የቆመበትን ቦታ የጋማ ከብት ተክቷል። ወላዲቱን ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ የማንን በቅሎ እንዋስ ብሎ የሚጨነቅ ቤተ ሰብ፥ ትናንት የበቅሎውን ባለቤት አስቀይሞ የነበረ እንደ ሆነ ምን ይላል? ባለ በቅሎውስ ምን ይመልሳል? የጠላት አህያ ሕግ ለሌላ ዘመን የተጻፈ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይመልስልን።

ስለ ፈረስ ስንናገር የአዊን ፈረሰኞች ሳናነሣ አናልፍም። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባል። ቀኑ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የተገኘበትም ዕለት የሰማዕቱ ቀን ነበር። ማኅበሩ በዚያ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ያስባል፤ ፈረሰኞቹም በሠርግና በልቅሶ ተሰልፈው ይገኛሉ። ለእንስሳ ውለታ በዓል ያቆመ ሕዝብ በእውነት ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ፈረስ ሁልጊዜ ክብር አላጣም፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረስ ስም ነው። በአህያ ስም የተጠራ መኰንን ግን አልሰማንም፤ ጌታችን በሆሣዕና ዕለት የመረጠው እርሱን መሆኑ ተረስቷል።

በዚያው አገር የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ፥ ስንቅና ጥይት የተጫኑ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ግመሎች ከሱዳን ተከትለው ነበር። ግመል የቈላ እንስሳ ነውና ድንጋያማውን አቀበትና የደጋውን ብርድ አልቻለም፤ በየመንገዱ እየወደቀ አለቀ፤ አዲስ አበባ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። አገር ነፃ የወጣችበት ጭነት በማን ጀርባ እንደ መጣ ለልጆች መንገር ይገባል።

አሁን ወደ አህያው እንመለስ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዓይነት በማሳው እየተከለ ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ ኑሮው ተሻሽሏል፤ የአህያው ሥራ ግን በዝቷል። ከሰል ቀላል ይመስላል፥ ነገር ግን ጆንያው ተቈልሎ ሲጫን አህያው ከጆሮው በቀር አይታይም። የእንስሳት ሐኪሞች ጭነቱ ከአህያው ክብደት ሲሶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ሲሶ ማለት ገበሬ የሚያውቀው ቃል ነው። ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ በ10ኛው ቍጥር የጻድቅ ሰው ምልክት ለእንስሳው ነፍስ መራራት መሆኑን ያስተምራል፤ ገጣባ እያየ ድልዳል የማያድስ ሰው ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ያንብብ። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት ይባላል፤ በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ስለ ተቃወመው በዚያው ዓመት ተዘግቶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወርም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድን ከልክለዋል። መልካም ነው። ከቄራ የዳነው አህያ ግን ከጭነት ብዛት እንዲሞት አይደለም።

በመጨረሻም አንዳንድ ምእመናን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ በሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ ከነጭነቱ የወደቀ አህያ ብናገኝ መጫኛውን መፍታት ሰንበትን መሻር ይሆንብናልን? አይሆንም። ጌታችን በምኵራብ በሬንና አህያን በሰንበት ከግርግም ፈትቶ ማጠጣትን ጠቅሶ አለቆችን አሳፍሯቸዋል፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ካህንም ቢሆን ነጠላውን አደግድጎ ከመንገደኛው ጋር ያንሣ። ጫኙ በሰንበት ስለ ምን እንደ ጫነ ለነፍስ አባቱ ይናገራል እንጂ በመንገድ ላይ አይመረመርም። አህያው ከተነሣ በኋላ ግን ጭነቱ እንደገና አይጫንበት፤ ከቅርቡ ቤት ገብቶ እስከ ሰኞ ይደር። የቅርቡ ቤት የተጣላው ሰው ቤት ቢሆንም እንኳ ከዚያው ይደር፤ ባለ ቤቱም ለአህያው ገለባና ውኃ ይስጠው።