ሙቀት ነው ብለን ጎማ አናስተንፍስ

በካኩማም ሆነ በካሎቤዬ ሰውና ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን አዘውትረው ከሚያማርሩባቸው ወጪዎች አንዱ የጎማ ወጪ ነው። ጎማ መንገድ ላይ ሲፈነዳ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወደ ሎድዋር የሚወስደው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ሰው ጭኖ ሲፈጥን የፊት ጎማ የፈነዳበት ሾፌር መሪው ከእጁ ሊወጣ ይችላል።

በሾፌሮች ዘንድ «ሙቀት ስለሆነ እንዳይፈነዳ አየር ቀንስለት» የሚል አባባል አለ። አየር ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ነገሩ እውነት ይመስላል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ እጠፉት። የታጠፈበት ቦታ ይፋጃል፤ ከቀጠላችሁ ይበጠሳል። አየር ያነሰው ጎማም እንደዚሁ ነው። በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈና እየተቃና ከራሱ ውስጥ ሙቀት ያመነጫል። ጭነትና ፍጥነት ሲታከልበት በውስጡ ያሉት ክሮችና ሽቦዎች ከላስቲኩ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ከአስፋልቱ ሙቀት ይልቅ ጎማውን የሚጎዳው በአየር ማነስ የሚመጣው መተጣጠፍ ነው ማለት ነው።

አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ጠዋት 32 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ ከጉዞ በኋላ 36 ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ጎማው ይህ ታስቦበት የተሠራ ነውና አታስተንፍሱት። ለመኪናው የሚገባው መጠን በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል። ጎማው ላይ የሚነበበው ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ እሱን አትከተሉ። ከጃፓን በመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል። ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ከሆነ በ6.9 አካፍሉት፤ 220 የሚል ከሆነ 32 ፒኤስአይ ያህል ይሆናል። ይህን የሂሳብ ትምህርት ልጆቻችሁም ሊሠሩላችሁ ይችላሉ።

አሸዋማ ላጋ ለመሻገር አየር መቀነስ ትክክል ነው። ጥፋቱ ከተሻገሩ በኋላ በዚያው በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ነው። የእግር ፓምፕ መኪና ውስጥ መያዝ ብዙ ወጪ ያድናል።

ጎማው ራሱ የጎደለውን ይናገራል። ሁለቱም ጠርዞች ተበልተው መሐሉ ከቀረ አየር አንሶታል፤ መሐሉ ብቻ ከተበላ በዝቶበታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ግን ጉዳዩ የአየር ሳይሆን የፊት እግር አቀማመጥ ነው፤ ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወርም ይጠቅማል።

የፕሮሶፒስ እሾህ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሾፌሩም ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ በለሰለሰ ጎማ ይነዳል። በየጠዋቱ አየር ከጎደለ ሞልቶ መሄድ ሳይሆን ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ ማስፈተሽ ይገባል። ጎኑ ላይ የተበሳ ጎማ ግን አይጠገንም።

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች ፈልጉ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ጥሩ ቢሆንም ያረጀ ላስቲክ ይሰነጠቃል። ከቸርኬው የወጣ ከሆነም ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱ። ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ከተገኘበት ከዚህ ቀደም አየር ሳይኖረው የተነዳ ነውና ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙት።