የዓሣ ኮታ፦ ወንዙ ቢያርፍ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አጥማጁ በቀን ከዚህ ኪሎ በላይ እንዳያወጣ ቢከለከል ዓሣው ይራባል፣ ገበያውም ይረጋጋል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል። በነቀምት ባኬ ጃማ ዓሣ ገዝቶ ለሚሸጥ ነጋዴም ሆነ ለአጥማጁ ግን ሒሳቡ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የወለጋ ወንዞች ዴዴሳና አንገር ባለመንጠቆው ከዳር ተቀምጦ ነጭ ዓሣና አምባዛ የሚያወጣባቸው ናቸው። በመረብ የሚሠራው በፊንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው ግድብ የጮመንን ረግረግ አስጥሞ ሐይቅ አደረገው፤ ቆሮሶውም በሰው እጅ የገባ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ 100 ኪሎ በ200 ብር ሒሳብ የሚሸጥ አጥማጅ 20,000 ብር ያገኛል እንበል። ኮታው 80 ኪሎ ላይ ካቆመው ገቢው እንዳይጎድል ዋጋው 250 ብር መግባት አለበት። ይሁንና ዋጋውን ፊንጫ ብቻውን አይወስነውም። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዋጋው ከፍ ካለ የጣና ወይም የዝዋይ ዓሣ በበረዶ ተጭኖ መምጣቱ ያዋጣል። ነጋዴው ምንጩን ይለውጣል፣ የ4,000 ብሩ ጉድለት አጥማጁ ላይ ይቀራል።

የጎደለበት አጥማጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዋጋ የሚያወጣውን ትልልቁን መርጦ ትንሹን፣ ሞቶም ቢሆን፣ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ሚዛኑ 80 ኪሎ ይላል፤ ከሐይቁ የጠፋው ግን ከ100 ሊበልጥ ይችላል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ኮታን እንደ አክሲዮን የሚሸጥና የሚለወጥ አድርጋዋለች፤ ይህም የሚሠራው ጭነቱ እየተመዘገበ በሚራገፍበት አገር ነው። በዴዴሳ ዳር ሚዛን ይዞ የሚውል ማን ነው?

የጣና ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምራል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገቡ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዓሣው በክረምቱ ማብቂያ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ሲጎርፍ መረቡ በወንዙ አፍ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኪሎ ከመቁጠር ይልቅ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የወንዙን አፍ መዝጋት ይሻላል። ለነጋዴውም ቢሆን ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ትልቁ የዓሣ ገበያ ዐቢይ ጾም ነው፣ ክልከላው የሚነካው ፍልሰታን ብቻ ነው። የዴዴሳ ነጭ ዓሣም የዚያው የጣናው ወገን ነው።

ኮታ የማይደርስበት ሌላ ጉዳይም አለ። ለቡና ጥላ የሚሆነው ብርብራ ፍሬው ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ትልቅ ትንሹን ሁሉ ያደነዝዛል፤ ከዚያ ውስጥ ተለቅሞ ገበያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። በፊንጫ ከአጥማጆች ጋር ውል የሚገባ ባለሀብት ከኪሎው ብዛት ይልቅ የመረቡን ዓይን ስፋትና መረብ የማይጣልባቸውን ወራት በውሉ ቢያስገባ ለቁጥጥር ይቀለዋል። መረብ ከመግዛቱ በፊት በሱቅ ውስጥ ሊለካ ይችላል።